ከሽልማቱ ማግስት፦ ለሳይንስ ውድድር አዘጋጆች፣ ለዳኞችና ወጣት መሐንዲሶችን ለሚቀጥሩ ድርጅቶች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የተማሪዎች ሳይንስና ቴክኖሎጂ ውድድር አዘጋጆች፤
ለተከበራችሁ ዳኞችና አማካሪ መምህራን፤
ወጣት መሐንዲሶችን ለምትቀጥሩ የቴክኖሎጂ ድርጅቶች ኃላፊዎች፤

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ እኔ፣ በተማሪነት ዘመኔ ከሳይንስ አውደ ርዕይ ጠረጴዛ ጀርባ ቆሜ የእጄን ሥራ ለዳኞች ያስረዳሁ፣ ዛሬ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎችን በመንደፍ የምተዳደር፣ አልፎ አልፎም በዳኝነት ወደዚያው ዓይነት አዳራሽ የምመለስ መሐንዲስ ነኝ። የማነሳው ጉዳይ አንድ ነው። ውድድሮቻችሁ ተማሪውን እስከ ሽልማቱ ቀን ድረስ በብርቱ ይደግፉታል፤ ከዚያ ማግስት ጀምሮ ግን ብቻውን ይተዉታል። ከአውደ ርዕዩ ወደ ቴክኖሎጂ ሙያ የሚወስደው መንገድ ግን በአብዛኛው የሚገኘው ከሽልማቱ በኋላ ባለው ዓመት ውስጥ ነው። ስለዚህ ውድድሩ ያንን ዓመት የራሱ አካል አድርጎ እንዲይዘው፣ የነጥብ አሰጣጡም ተማሪውን ለዚያ ዓመት የሚያዘጋጅ እንዲሆን ልጠይቃችሁ እወዳለሁ። ለቀጣሪዎችም የምለው አለኝ፤ እሱን ወደ መጨረሻው አቀርባለሁ።

ይህን የምለው ውድድሩን ለማቃለል አይደለም። የተማሪዎች የሳይንስ አውደ ርዕይ ዛሬ የደረሰበት የደረሰው የብዙ ሰው ድካም ተጨምሮበት ነው። በ1928 (በዚህ ደብዳቤ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኒውዮርክ የአሜሪካን ኢንስቲትዩት የተባለው ማኅበር የልጆችን የሳይንስ ሥራ ለሕዝብ አሳየ፤ በ1942 ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አገር አቀፍ የሳይንስ ተሰጥኦ ፍለጋ ተጀመረ፤ በ1950 ደግሞ በፊላደልፊያ 30 ተማሪዎች ለመጨረሻው ዙር የቀረቡበት የመጀመሪያው ብሔራዊ የሳይንስ አውደ ርዕይ ተካሄደ። ይኸው ውድድር በ1958 የሌሎች አገሮችን ተማሪዎች መቀበል ጀምሮ ዓለም አቀፍ ሆነ። በአየርላንድ በ1963፣ በጀርመን በ1965 ተመሳሳይ ውድድሮች ተቋቋሙ፤ የአውሮፓ ኮሚሽንም በ1989 የራሱን ጀመረ። የሁሉም መነሻ ሐሳብ ተማሪው ያነበበውን መልሶ እንዲናገር ሳይሆን ራሱ ጠይቆ፣ ራሱ ሠርቶ፣ ራሱ ለክቶ እንዲያገኝ ማድረግ ነበር፤ ከዚህ የተሻለ የምህንድስና መግቢያ እኔ አላውቅም።

መንገዱ ሰውን የት እንደሚያደርስ የሚያሳዩ ሰዎችም አሉ። ሬይ ኩርዝዌይል በ1965፣ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ፣ የነባር ሙዚቃዎችን ዘይቤ መርምሮ በዚያው ዘይቤ አዲስ ዜማ የሚቀምር የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሠርቶ በሳይንስ ውድድር ተሸለመ። የሥራው ሥር፣ ማሽን አንድን ዘይቤ ከሌላው እንዴት ይለያል የሚለው ጥያቄ ነበር። በ1976 የታተመ ጽሑፍን በተለያየ የፊደል ቅርጽ ቢጻፍም ለይቶ ለዓይነ ስውራን ጮክ ብሎ የሚያነብ ማሽን ይፋ ሲያደርግ የያዘው ያንኑ ጥያቄ ነው፤ ዜማው በፊደል ተተካ እንጂ ጥያቄውን ከአሥር ዓመት በላይ አልለቀቀውም። ፓትሪክ ኮሊሰን ደግሞ በአየርላንዱ ውድድር መጀመሪያ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራ በግል ተወዳዳሪዎች መካከል ሁለተኛ ወጣ፤ በቀጣዩ ዓመት፣ በ2005፣ ክሮማ የተባለ የራሱን የፕሮግራም ቋንቋ ይዞ ተመልሶ አንደኛ ሆነ፤ በ2010 ከወንድሙ ጋር ስትራይፕ የተባለውን የክፍያ ቴክኖሎጂ ድርጅት መሠረተ። ስለ ኮሊሰን ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሳው አንደኛ የወጣበት ዓመት ነው። እኔን ግን ይበልጥ የሚስበኝ ሁለተኛ ወጥቶ ወደ ቤቱ ከተመለሰበት ቀን አንሥቶ በማግስቱ ዓመት ተመልሶ እስከመጣበት ድረስ ያለው ጊዜ ነው፤ ምክንያቱም ውድድሩ ያን ጊዜ አላዘጋጀለትም፣ እሱ ራሱ ነው የፈጠረው። ራሳቸው ሊፈጥሩት የማይችሉት ተማሪዎች ቁጥር ግን እጅግ ብዙ ነው፤ ችሎታ አንሷቸው ሳይሆን የመሥሪያ ጠረጴዛ፣ የመለኪያ መሣሪያና የሚጠይቁት ሰው ስለሌላቸው።

ያ ዓመት ለተማሪ ምን እንደሚያስተምር በራሴ ሥራ ላስረዳ። ያቀረብኩት አፈሩ ሲደርቅ ፓምፕ አስነሥቶ የሚያጠጣ መሣሪያ ነበር፤ ዛሬም በየአውደ ርዕዩ ደጋግሞ የሚቀርብ ሥራ ስለሆነ ዳኞች በደንብ ታውቁታላችሁ። ሁለት የብረት ጣቶች ያሉት ሴንሰር (የአፈሩን እርጥበት የሚለይ መለኪያ) አፈር ውስጥ ይተከላል፤ አፈሩ እርጥብ ሲሆን ኤሌክትሪክ በቀላሉ ያልፋል፣ ሲደርቅ ይቸገራል፤ ማይክሮ ኮንትሮለሩ፣ ማለትም መሣሪያውን የሚቆጣጠረው ትንሽ ኮምፒዩተር፣ ይህን ልዩነት ከ0 እስከ 1023 ባለው መስፈሪያ በቁጥር ያነበውና ንባቡ ከተወሰነው ልክ ሲያልፍ ፓምፑን ያስነሣዋል። በአዳራሹ ውስጥ ይህን ለማሳየት የሚያስፈልገው አንድ ሣጥን ደረቅ አፈርና አንድ ዕቃ ውኃ ብቻ ነው። ዳኛው ሲቀርብ ፓምፑ ይነሣል፣ ውኃው ይፈስሳል፣ በስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ይለወጣል፣ ፓምፑ ይቆማል።

ከውድድሩ በኋላ የፊዚክስ መምህሬ መሣሪያውን አፍርሼ ወደ ቤት ከመውሰድ ይልቅ በትምህርት ቤቱ የአትክልት መደብ ላይ ተክዬ እንድከታተለው ፈቀዱልኝ። ሳምንታት ሲያልፉ ሴንሰሩ፣ ውኃ ባቆረ አፈር ውስጥ ተተክሎ ሳለ፣ አፈሩ ደረቅ ነው የሚል ንባብ መስጠት ጀመረ። ነቅለን ስናየው ከሁለቱ ጣቶች አንደኛው ተበልቶ ቀጥኗል፣ ዙሪያውንም አረንጓዴ ነገር ይዞታል፤ ሌላኛው ግን ምንም አልሆነም። መምህሬ መልሱን አልነገሩኝም፤ «ለምን አንደኛው ብቻ?» ብለው ጠይቀውኝ ሄዱ። ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ በእርጥብ አፈር ውስጥ ሳያቋርጥ ሲያልፍ በአዎንታዊው ጫፍ ያለውን መዳብ እንደሚያሟሟው፣ መዳቡ በተመናመነ ቁጥርም ንባቡ ወደ ድርቀት እንደሚያዘነብል፣ ፓምፑም በዚያ የተሳሳተ ንባብ ተመርቶ ያለ ልክ እንደሚያጠጣ ያወቅሁት ያን ጥያቄ ይዤ ነው። መፍትሔው ለሴንሰሩ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ መስጠቱን ትቶ ለንባቡ ቅጽበት ብቻ ማብራት፣ ሁለቱንም ጫፎች እያፈራረቁ አዎንታዊ ማድረግ፣ ከተቻለም ብረቱ አፈሩን ጨርሶ በማይነካበት በሌላ ዓይነት ሴንሰር መተካት ነው። ይህ ሁሉ በኬሚስትሪ ክፍል ኤሌክትሮሊሲስ ተብሎ የተማርነው ነበር፤ ክፍል ውስጥ ግን የኔ ፓምፕ ጉዳይ መሆኑ አልታየኝም ነበር።

ሌላም ችግር ተከተለ። ከአዳራሹ የኃይል ማቅረቢያ ወደ ባትሪ ስናዛውረው ፓምፑ በተነሣ ቁጥር ማይክሮ ኮንትሮለሩ ጠፍቶ እንደ አዲስ ይጀምር ነበር። ሞተር ሲነሣ በመደበኛ ሥራው ላይ ሳለ ከሚጠቀመው የበለጠ ብዙ እጥፍ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ ደካማ ባትሪ ያንን ላቅርብ ሲል ቮልቴጁ ለቅጽበት ይወርዳል፣ ከዚያው ምንጭ የሚጠቀመው ማይክሮ ኮንትሮለርም ሥራውን ያቋርጣል። ሞተሩ ሲቆም ደግሞ በጥቅልሉ ውስጥ የቀረው ኃይል በተቃራኒ አቅጣጫ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይፈጥራል፤ ለዚያ ኃይል መውጫ መንገድ የሚሰጥ መመለሻ ዳዮድ ካልተደረገለት ፓምፑን የሚያበራና የሚያጠፋውን ትራንዚስተር ሊያቃጥል ይችላል። በአዳራሹ ውስጥ ከእነዚህ ችግሮች አንዱም አልታየም፣ ሊታይም አይችልም ነበር፤ እዚያ ኃይሉ በቂ ነው፣ ጊዜውም አጭር ነው። ዛሬ ደመወዝ የሚከፈለኝ እንዲህ ዓይነት ጥያቄዎችን አስቀድሜ እንድጠይቅ ነው። የመጀመሪያው ቀን ላይ የሚሠራ መሣሪያ መሥራት ብዙ ሰው ይችላል፤ ብርድ፣ ሙቀት፣ እርጥበት፣ ደካማ ባትሪና ያልሠለጠነ ተጠቃሚ ተፈራርቀውበት ከዓመት በኋላም የሚሠራውን መሥራት ግን ሙያ ይጠይቃል፤ ያ ሙያ ለእኔ የተጀመረው በአትክልቱ መደብ ላይ ነው፤ መምህሬ ፈቃዱን ባይሰጡኝ ኖሮ ግን አይጀመርም ነበር።

አሁን ወደ ነጥብ አሰጣጡ ልምጣ። ዓለም አቀፉ የሳይንስና ምህንድስና አውደ ርዕይ ከ100 ነጥብ 35ቱን ለአቀራረብ ይመድባል፤ ከዚህ ውስጥ 10ሩ ለፖስተሩ፣ 25ቱ ለቃለ መጠይቁ ነው። ለሥራው አፈጻጸምና ፍተሻ 20፣ ለፈጠራ 20፣ ለንድፍና ለስልት 15፣ ለችግሩ አመራረጥ 10 ይሰጣል። አንዳንድ ባልደረቦቼ ለአቀራረብ ይህን ያህል መስጠት ይበዛል ይላሉ፤ እኔ በዚህ አልስማማም። መሐንዲስ ሐሳቡን ለማያውቀው ሰው ማስረዳት ካልቻለ ንድፉ ከጠረጴዛው አይነሣም፤ ቃለ መጠይቁ ከፖስተሩ የበለጠ ነጥብ መያዙም ተገቢ ነው። የሚያሳስበኝ ያ ጊዜ በምን እንደሚያልፍ ነው። በየአዳራሹ ዳኞች ተማሪውን «ሥራህን አስረዳን» ይሉታል፣ እሱም አስቀድሞ ያጠናውን ንግግር ያሰማል፣ ከዚያ የሚቀረው ጊዜ ለምስጋናና ለማበረታቻ ይሆናል። በምህንድስና ሥራ ንድፍ ለግምገማ ሲቀርብ ግን ማንም እንዲህ አያደርግም። የሚጠየቀው ሌላ ነው፦ መጀመሪያ የተበላሸው የትኛው ክፍል ነው? ይህን ሬዚስተር በዚህ መጠን የመረጥከው ለምንድን ነው፣ እጥፍ ብታደርገውስ ምን ይሆናል? ሴንሰሩ ሐሰት ቢናገር መሣሪያህ በምን ያውቃል? ይህን ስንት ጊዜ ደጋግመህ ለካኸው፣ ንባቦቹስ ምን ያህል ተራራቁ?

እነዚህ ጥያቄዎች ተማሪውን ለማሳፈር የሚጠየቁ እንዳይመስላችሁ። በእጁ የሠራ ተማሪ እንዲህ ሲጠየቅ ፊቱ ይበራል፤ ያጠናውን ንግግር ትቶ ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ ይልና በጣቱ እያሳየ መናገር ይጀምራል። ሌላ ሰው የሠራለት ተማሪ ግን ዝም ይላል፣ ወይም ወደ ፖስተሩ ይመለሳል። በዳኝነት ከማስታውሳቸው ሁሉ አብልጬ የማስታውሳት ተማሪ ምንም ሽልማት ያላገኘች ናት። መሣሪያዋ በዚያ ቀን አልሠራም፤ ደብተሯን ገልጣ ግን ከዚያ በፊት በየትኛው ቀን እንደሠራ፣ የትኛው ሽቦ ሲላቀቅ እንደሚቆም፣ የብየዳውን መገጣጠሚያ ስንት ጊዜ እንደቀየረችው አሳየችን። ከጎኗ ያለው ጠረጴዛ በብርሃን ያሸበረቀ ነበር። ነጥቡ ወዴት እንደሄደ መገመት አያዳግትም፤ እንደ ቀጣሪ ብጠየቅ ግን ያለ ማመንታት እሷን እመርጥ ነበር።

ስለ ደብተሩ ትንሽ ሰፋ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ከአውደ ርዕዩ ወደ ሥራ ሳይለወጥ የሚሻገረው ዋና ነገር እሱ ነው። ገጹ ቁጥር ያለው፣ ቀን የተጻፈበት፣ በእርሳስ ሳይሆን በእስክሪብቶ የሚሞላ፣ ቅጠሉ የማይቀደድበት ደብተር ማለቴ ነው። የተሳሳተ ቁጥር በአንድ መስመር ይሰረዛል እንጂ አይደመሰስም፤ ምን ተብሎ እንደተጻፈ ኋላ መነበብ አለበትና። ያልሠራው ሰርኪውት ሥዕል ከሠራው ሥዕል ቀጥሎ ይለጠፋል። እንዲህ የለመደ ወጣት ሶፍትዌር ሠሪዎች ዘንድ ሲገባ የኮድ ለውጡን በየጊዜው ምክንያቱን ጽፎ ማስቀመጥ አይከብደውም፤ ሃርድዌር ዘንድ ሲገባ የፍተሻ ሪፖርት ምን እንደሆነ ማንም አያስተምረውም፤ ሲስተም ወድቆ ሌሊት ሲጠራም መጀመሪያ የሚያደርገው ያየውን በሰዓት በሰዓት መጻፍ ይሆናል። ውድድሮቻችሁ ደብተሩን ከጠረጴዛው ላይ እንዲቀመጥ ያዝዛሉ፤ ዳኛ ግን ጊዜ አጥቶ ሳይገልጠው ያልፋል። ስለዚህ ዳኛው ወደ ጠረጴዛው ከመሄዱ በፊት ደብተሩን የሚያነብበት የተለየ ሰዓት ይሰጠው፤ ከአፈጻጸሙ ነጥብም የሚበልጠው እጅ ደብተሩ ላይ በሚታየው የሙከራ ሂደት ይሁን።

ያልተሳካ ነገር ሳይደበቅ መታየቱ ተማሪውን ይጎዳዋል ብለው የሚሰጉ አዘጋጆች አሉ። ለእነሱ የሣራ ፍላነሪን ነገር ላንሣ። ፍላነሪ በ1999 በ16 ዓመቷ የአየርላንዱን ውድድር ያሸነፈችው ኬይሊ ፐርሰር በተባለ የምስጢር ጽሑፍ ስልት ነው፤ በስፋት ከሚሠራበት፣ አርኤስኤ ከተባለው የምስጢር ጽሑፍ ስልት ጋር ሲነጻጸር እጅግ ፈጣን በመሆኑ በብዙ አገሮች ተወራለት። ቆይቶ ግን ስልቱ ሊሰበር እንደሚችል ታወቀ። እሷም ይህን አልሸሸገችም፤ ስልቱ በምን መንገድ እንደሚሰበር ራሷ በጽሑፍ ገለጸች፣ ትምህርቷን በካምብሪጅ ቀጠለች፣ የሶፍትዌር ባለሙያም ሆነች። ሽልማቱን ያስገኘው ስልት ሥራ ላይ ባይውልም የሠራችው ልጅ ግን ሙያዋን አላጣችም። ውድድር የሚያፈራው መሣሪያ ሳይሆን ሰው መሆኑን ከተቀበልን፣ ስልት ሲሰበር እንዴት እንደተሰበረ የሚጽፍ ተማሪ በሽልማት መድረክ ላይ ቦታ ሊኖረው ይገባል።

የአዳራሹ በር ለሰፊው ሕዝብ መከፈቱም ከጌጥ በላይ ነው። ኢስተን ላቻፔል በአሜሪካ ኮሎራዶ የሮቦት እጁን ይዞ በቀረበበት አውደ ርዕይ ላይ ሰው ሠራሽ እጅ የገጠመች የ7 ዓመት ልጅ አገኘ፤ የእሷ እጅ 80,000 ዶላር እንደሚያወጣ፣ ልጅ ስለሆነችም ስታድግ ሌላ እንደሚያስፈልጋት ሰማ። ከዚያ በኋላ ሐሳቡን በሙሉ በሦስት አቅጣጫ (3D) ማተሚያ የሚሠሩ ርካሽ ሰው ሠራሽ እጆች ላይ አደረገ፣ ኋላም ለዚሁ የሚሆን ድርጅት አቋቋመ። መንገዱን ያሳየው የዳኞች ነጥብ አይደለም፤ በጠረጴዛው ፊት ያለፈች አንዲት ልጅ ናት። ተማሪዎች በዳኞች ፊት ከሚቆሙበት ሰዓት ያላነሰ፣ ችግሩ የሚመለከታቸውን ሰዎች የሚያነጋግሩበት ሰዓት በመርሐ ግብራችሁ ላይ ይኑር።

መሣሪያው ዛሬ ረክሷል፤ ይህም ደስ የሚያሰኝም የሚያሳስብም ነው። አርዱይኖ የተባለው የማይክሮ ኮንትሮለር ሰሌዳ በ2005 በጣሊያን ኢቭሬያ፣ ራስፕቤሪ ፓይ የተባለው ትንሽ ኮምፒዩተር በ2012 በእንግሊዝ ከተጀመሩ ወዲህ ድሮ ትልቅ ላቦራቶሪ ይጠይቅ የነበረው ሥራ በትንሽ ሰሌዳ ላይ የሚያልቅ ሆኗል። ያን ያህልም ተማሪው የተዘጋጀ ኮድ አውርዶ፣ የተዘጋጀ ሞጁል ሰክቶ፣ ውስጡ ምን እንደሆነ ሳያውቅ የሚያምር ነገር ማቅረብ ይችላል። በሌሎች ሥራ ላይ መገንባት ነውር አይደለም፤ መሐንዲሶች ሁላችን የምናደርገው ነው። ሊጠየቅ የሚገባው ግን የትኛው የሌላ፣ የትኛው የራስ እንደሆነ ለይቶ መናገር ነው። የዓለም አቀፉ ውድድር ደንብ ተማሪው በምርምር ተቋም ውስጥ ከሠራ የተቆጣጠረው ባለሙያ የተማሪው ድርሻ ምን እንደነበር በጽሑፍ እንዲገልጽ ያዝዛል። ይህ አሠራር ወደ ታችኞቹ ውድድሮችም መውረድ አለበት፤ አለበለዚያ ቤተሰቡ መሐንዲስ የሆነ ተማሪና ላቦራቶሪ የሌለው ትምህርት ቤት የሚማር ተማሪ ለአንድ ነጥብ በእኩል ተወዳደሩ ማለት አንችልም።

እንግዲህ ስለዚያ ዓመት የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ውድድሩ እንዳለቀ እያንዳንዱ ተማሪ፣ ያሸነፈውም ያላሸነፈውም፣ የዳኞቹን አስተያየት በጽሑፍ ይቀበል፤ ነጥቡን ብቻ ሳይሆን ቀጥሎ ምን ቢፈትሽ እንደሚበጅ የሚናገር አስተያየት ይሁን። ሥራውን መቀጠል ለሚፈልግ ተማሪ አንድ በሥራ ላይ ያለ መሐንዲስ ይመደብለት፤ ይህ መሐንዲስ ሥራውን የሚሠራለት ሳይሆን በየወሩ ደብተሩን አይቶ እንደ ፊዚክስ መምህሬ «ለምን?» ብሎ ጠይቆ የሚሄድ ይሁን። ለዋንጫና ለመድረክ ከሚወጣው ገንዘብ የተወሰነው ለመለዋወጫ ዕቃና ለመለኪያ መሣሪያ ይዋል፤ አንድ መልቲሜትርና አንድ ጥሩ የብየዳ ብረት ለቀጣዩ ሥራ የሚሰጡትን አገልግሎት ዋንጫ አይሰጥም። በሚቀጥለው አውደ ርዕይ ላይ ደግሞ ከዓመት በፊት የቀረቡ ሥራዎች ተመልሰው የሚታዩበት ክፍል ይከፈት። እዚያ የሚጠየቀው አዲስ ነገር ምን ሠራህ ሳይሆን ያኔ የሠራኸው በዓመቱ ውስጥ ምን ሆነ የሚል ይሁን፤ ተማሪውም የተበላውን ሴንሰር ከአዲሱ ጎን አስቀምጦ ያስረዳ። ደንብ ይከለክላል የሚል ካለ፣ ዓለም አቀፉ ውድድር ራሱ ካለፈው ዓመት የቀጠለ ሥራን ይቀበላል፤ የሚጠይቀው አዲሱ ሥራ ከቀደመው ተለይቶ እንዲጻፍና የሚዳኘው ቢበዛ የ12 ወር ሥራ እንዲሆን ብቻ ነው። በሩ ክፍት ሆኖ ሳለ ተማሪውን እጁን ይዞ የሚያስገባው ሰው ነው የጠፋው።

ለቀጣሪዎች የምለው አጭር ነው። ለጀማሪ መሐንዲስ ባወጣችሁት ማስታወቂያ ላይ የሥራ ልምድ ትጠይቃላችሁ፤ ከትምህርት ቤት ጀምሮ አንድን መሣሪያ ሠርቶ፣ አበላሽቶ፣ ጠግኖ፣ መዝግቦ የያዘ ወጣት ግን ይህን ልምድ ብላችሁ እንደምትቀበሉት ስለማያውቅ በማመልከቻው ላይ አይጽፈውም። ጻፉለት፤ በተማሪነት የተሠራና ማስረጃው የተያዘ ሥራ እንደሚቆጠር በማስታወቂያው ላይ በግልጽ ይስፈር። በቃለ መጠይቁም የቃል ፈተና ከመደርደር በፊት የሠራውን አንድ ነገር ይዞ እንዲመጣ ንገሩት፣ ያመጣውን ዕቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡና ከላይ የዘረዘርኳቸውን ጥያቄዎች ጠይቁት። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከምስክር ወረቀቱ የማታገኙትን ታገኛላችሁ። መሐንዲሶቻችሁንም ወደ አውደ ርዕዩ ላኩ፤ ለፎቶግራፍና ለአርማ ሳይሆን በሥራ ሰዓት፣ ደመወዛቸው ሳይቀነስ፣ ዓመቱን ሙሉ አንድ ተማሪ ይዘው እንዲከታተሉ። በማማከር የሚያሳልፉት ሰዓት በሥራ አፈጻጸማቸው ላይ ካልተመዘገበላቸው ክትትሉ ከሁለተኛው ወር አያልፍም፤ ይህን ከባልደረቦቼ አይቻለሁ።

አዘጋጆች ይህን ሁሉ በአንድ ዓመት እንድትፈጽሙት አልጠብቅም፤ በጀትም ሰውም እንደሚያጥራችሁ አውቃለሁ። ለመጀመር የሚበቃው ግን ትንሽ ነው። በሚቀጥለው የውድድር ጥሪያችሁ ላይ ሁለት ነገር ብቻ ጨምሩ፦ ደብተሩ ከቃለ መጠይቁ በፊት እንደሚነበብና ነጥብ እንደሚያሰጥ የሚገልጽ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ለተመላሽ ሥራዎች የተከለሉ ጥቂት ጠረጴዛዎች። ደብተር የሚያነቡና ተማሪ የሚከታተሉ መሐንዲሶችን በማሰባሰቡ ሥራ እኔም የሥራ ባልደረቦቼም ከዛሬ ጀምሮ ዝግጁ ነን፤ በየአካባቢያችሁ ያሉ መሐንዲሶችም ብትጠይቋቸው እምቢ የሚሉ አይመስለኝም። መልሳችሁን እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲስና የቀድሞ ተወዳዳሪ